መጀመሪያ ክፍሉን ጠይቁ

ለቴአትር፣ ለሙዚቃ፣ ለውዝዋዜና ለሥዕል ልጆች፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም ምክር ፍለጋ ወደ እኔ የምትመጡ ወጣቶች አልጠፋችሁም፤ ደስ ይለኛል። ጥያቄያችሁ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። «ስፖንሰር ከየት እናግኝ?» ትሉኛላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን ቀድሞ መነሣት ያለበት እሱ አይመስለኝም። በቀበሌ ኪነት ጀምሬ በባህል ጽሕፈት ቤት ባለሙያነት ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከገንዘብ ማጣት ይልቅ ልምምድ የሚያደርጉበት ቦታ በማጣት የተበተኑ ቡድኖችን ብዙ አይቻለሁ። ገንዘብ ያገኙትም ቢሆኑ ለአንድ ዝግጅት ተሰባስበው፣ ዝግጅቱ ሲያልቅ እዚያው ተለያይተዋል። በየሳምንቱ በተወሰነ ሰዓት የሚከፈት አንድ ክፍል ያላቸው ግን ያለ ስፖንሰርም ዓመታት ዘልቀዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ክፍሉን ጠይቁ።

ይህን የምለው ካደግሁበት ተነሥቼ ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ተወርሶ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ሲቋቋሙ፣ ብዙ ቀበሌዎች አዳራሽ ነበራቸው። ቀን ስብሰባ፣ ማታ ልምምድ ነው። ከበሮው፣ ክራሩ፣ አንድ አሮጌ አኮርዲዮን፣ ጥግ ላይ የተሰቀሉ የውዝዋዜ አልባሳት ነበሩን። ከጎረቤት ልጅ መሐል ድምፅ ያለው ይዘፍናል፣ ወገብና ትከሻ ያለው ይወዛወዛል፣ ሁለቱም የሌለው ድራማ ይገባል ወይም መጋረጃ ይስባል። ለመግባት የሚያስፈልገው የሰፈሩ ልጅ መሆን ብቻ ነበር፤ ክፍያ የለም፣ ፈተናም የለም።

ያ ዘመን ተመልሶ ይምጣ አልላችሁም። የምንዘፍነው ከላይ የታዘዘውን ነበር። ግጥሙ በካድሬ ይታያል፤ ያልተወደደ ስንኝ ይወጣል። በእነዚያው የቀበሌ ግቢዎች ወጣቶች ታስረዋል፣ ተገርፈዋል፤ ከዚያ ወጥተው ያልተመለሱ አሉ። ይህን ሳልናገር አዳራሹን ባወድስ ለሞቱት እኩዮቼ ታማኝ አልሆንም። ሆኖም ከፖለቲካው ጋር አብሮ መጣል ያልነበረበት ነገር ነበር፤ እሱም ኪነት ለሰፈር ሰው እንደ ውኃና እንደ መንገድ ሁሉ ቦታ ሊሰጠው ይገባል የሚለው አሠራር ነው። መንግሥት ሲለወጥ ዘፈኑም ቀረ፣ አዳራሹም ከዘፈኑ ጋር ለሌላ ሥራ ዋለ። እኔ ባገለገልሁበት አካባቢ አንዱ ቢሮ ሆነ፣ አንዱ መጋዘን፣ አንዱ ለሠርግ የሚከራይ።

ክፍለ ሀገር ላይ ደግሞ ከዚህ የላቁ ቡድኖች ነበሩ። ደሴ ላይ ወሎ ላሊበላ፣ ጎጃም ላይ ጊሽ ዓባይ፣ ጎንደር ላይ ፋሲለደስ። ማሪቱ ለገሠ ከወሎ ላሊበላ፣ ይሁኔ በላይ ከጊሽ ዓባይ የወጡ ናቸው። ዛሬ በሠርጋችሁ የምትጨፍሩባቸው ስንት የባህል ዜማዎች በእነዚህ ቡድኖች መድረክ ተጣርተው ነው አዲስ አበባ የደረሱት። አባላቱ ልምምድ ላይ የሚውሉት ቦታና ጥቂት ደመወዝ ስለነበራቸው ነው። ተሰጥኦማ ዛሬም አለ፤ በየገጠሩ በየከተማው ሞልቷል።

ታዲያ የሚከፍለው ማነው? በዚህ ላይ ቆም እንድትሉ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ «መንግሥት» ወይም «ድርጅት» ከማለት አታልፉም። በአገራችን ለጥበብ ሲከፍል የኖረው ሰው ብዙ ነው። ጣና ሐይቅ ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ ተደፍተው ይታያሉ፤ አሠሪ መሆናቸው ነው። ይህ የነገሥታት ብቻ አይደለም። በገጠር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ «ይህን ሥዕል ያሣለው እገሌ» የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ፤ እገሌ ገበሬ ነው፣ ወይም ስለት የነበረባት እናት። አዝማሪው ቤት «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ የሚሰጠው፣ ብር የሚሸልመውም ተራ ሰው ነው። ሕዝባችን ለጥበብ መክፈል ያውቃል። ያላወቀው፣ ለማያውቃቸው ልጆችና ገና ላላየው ነገር መክፈልን ነው። እሱን ማስለመድ የእናንተ ሥራ ነው።

በደመወዝ የቆመ ጥበብም አለን። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም.፣ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ፣ በመኮንን ሀብተ ወልድ መሪነት ማኅበር ሆኖ ሲቋቋም ሕዝቡን ለአገሩ ማንቃት ነበር ዓላማው፤ ቴአትር ቤት የሆነው ከዚያ ተነሥቶ ነው። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ባይመሠርቱ ኖሮ፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን በአንድ ግቢ የሚያስተምሩበት ጊዜ አይኖርም ነበር። የመምህር ደመወዝ ማለት ለሠዓሊ ቀለም መግዣ ማለት ነው፤ ይህን አትናቁ። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማሕሙድ አሕመድ ከንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂ ጦር ከክቡር ዘበኛ፣ ሂሩት በቀለና ዓለማየሁ እሸቴ ከፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ናቸው። ያ የምንወደው ሙዚቃ በመንግሥት መሣሪያ፣ በመንግሥት ደመወዝ የተሠራ ነው።

ግን እዚያው ላይ አደጋውን እዩት። ክቡር ዘበኛ በ1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲወድቅ ጥላሁንም ታስሯል። አንድ ጌታ ብቻ ያለው ዘፋኝ ጌታው ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ በተሰጠበት ዘመን፣ ያን መስመር አልፎ የወጣቶቹን ሙዚቃ በ1960ዎቹ መባቻ ያሳተመው አምሃ እሸቴ የግል ነጋዴ ነበር። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ አፍራን ቀሎ የሚባለው ቡድን መድረኩም ሬዲዮውም ለኦሮምኛ ዘፈን በማይከፈትበት ጊዜ በሠርግና በበዓል እየዘፈነ ኖረ፤ ዓሊ ቢራ በአሥራዎቹ ዕድሜ የወጣው ከዚያ ነው። ያንን ቡድን ያኖረው የሰፈሩ ሰው ነው። መንግሥት ፊቱን ሲያዞር የሚቀራችሁ ጎረቤታችሁ ነው፤ ጎረቤት ሲደክም ደግሞ የመንግሥት በር መከፈት አለበት። አንዱን ብቻ አትያዙ።

የመንግሥትን በር ስታንኳኩ እንደ ለማኝ አትቁሙ። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 መንግሥት ለሥነ ጥበብ መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ያስቀምጣል፤ አንቀጽ 91 ደግሞ አቅም በፈቀደ መጠን ኪነ ጥበብን የመደገፍ ግዴታ ይጥልበታል። «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለው ሐረግ ብዙ ጊዜ እንደ መዝጊያ ይጠቀሳል። ለዚህ ነው ክፍል ጠይቁ የምለው። ማታ ተቆልፎ የሚያድር አዳራሽ አቅም አይጠይቅም፤ ቁልፍና ሰዓት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ደብዳቤውን እንዲህ ጻፉት። ስማችሁን፣ ብዛታችሁን፣ የምትሠሩትን በሁለት ዓረፍተ ነገር። ከዚያ የምትፈልጉትን ቦታ በስሙ፣ ቀኑንና ሰዓቱን በግልጽ፦ ለምሳሌ ማክሰኞና ሐሙስ ሠራተኛው ከወጣ በኋላ፣ ከ11፡30 እስከ ምሽት 2፡00። ቁልፉን ማን እንደሚረከብ፣ አዳራሹን ማን እንደሚጠርግ፣ ለጠፋ አምፖልና ለተሰበረ ወንበር ማን እንደሚጠየቅ ጻፉ። ኃላፊውን የሚያስፈራው ጥበባችሁ አይደለም፤ ነገ ስለ ንብረቱ የሚጠየቀው እሱ መሆኑ ነው። ያን ፍርሃት ከወረቀቱ ላይ አንሡለት። በምላሹ በወር አንድ ቅዳሜ ለነዋሪው እንደምታሳዩ ቃል ግቡ፣ ቃላችሁንም ጠብቁ። ግልባጩ ለወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤት ይሁን። መልሱ በቃል ከሆነ አመስግናችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ኃላፊዎች ይቀያየራሉ፣ የቃል ፈቃድ አብሯቸው ይሄዳል። ደብዳቤው ላይ ማኅተም ካረፈ ግን አዲሱም ኃላፊ ያነበዋል።

ገንዘብም መጠየቅ ይመጣል። ያኔ የቀን መቁጠሪያውን እወቁ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። ዕቅዱ ግን የሚዘጋጀው ብዙ ወራት ቀድሞ ነው። ነሐሴ ላይ ደብዳቤ ይዛችሁ ብትመጡ ባለሙያው ቢወዳችሁም የሚያደርግላችሁ ነገር የለውም፤ ሁሉም ብር ስም ወጥቶለታል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሂዱ፣ ራሳችሁን አስተዋውቁ፣ በዓመቱ ምን እንደምትሠሩ አሳዩ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ውስጥ እንድትገቡ ጠይቁ። ትንሽም ቢሆን በየዓመቱ የሚመላለስ መስመር ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ መጥቶ የሚቀር ትልቅ ድጋፍ አይሁን። የማሲንቆ ጭራ፣ የከበሮ ቆዳ፣ የአልባሳት ጥገና ሁልጊዜ አለ።

ለበዓል ሲጠሯችሁ ሂዱ። የዓድዋ በዓልም ሆነ ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲከበር ለአንድ ቀን ብዙ ይወጣል፣ ለቀሪው ዓመት ግን የሚቀር የለም። ስለዚህ ስትስማሙ ከአበሉና ከምሳው አልፋችሁ የሚቀረውን ነገር አንሡ። ለበዓሉ የተሰፋው ልብስ ከእናንተ ጋር ይቅር፤ ሞንታርቦው ከተገዛ በኋላ መቼና እንዴት ልትዋሱት እንደምትችሉ ይጻፍ። ብዙ ዕቃ ንብረት ክፍል ገብቶ አቧራ ሲለብስ አይቻለሁ፤ ከዕቃው በመቶ እርምጃ ርቀት ላይ ልጆች በባዶ ጀሪካን ምት ይለማመዱ ነበር።

ወደ ጎረቤት ስመጣ ከሁሉ በፊት እድርን እላችኋለሁ። እድር ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ የሚከበሩ ሰብሳቢ አሉት፣ ከሁሉም በላይ ሰው አለው። ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ከስብሰባው በፊት የሩብ ሰዓት አጭር ድራማ እንድታሳዩ ፈቃድ ጠይቁ። እናቶች ፊት ለፊት ተቀምጠው የራሳቸውን ኑሮ መድረክ ላይ ሲያዩ የሚሆነውን አንድ ጊዜ ብታዩ፣ ስለ ታዳሚ ሌላ ትምህርት አያስፈልጋችሁም። በቀጣዩ ወር ወንበሩን ልትዋሱ ስትሄዱ ሰብሳቢው ስማችሁን ያውቃሉ። ልጇን «የትም አትውጪ» የምትል እናት ልምምድ እንድትሄድ የምትፈቅደው መድረኩን በዓይኗ ካየችው በኋላ ነው፤ በተለይ ለሴት ልጆች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ልምምዱ በጣም ሳይመሽ እንዲያልቅ፣ ሴቶቹን የሚሸኛቸው እንዲኖር አድርጉ።

መግቢያ አስከፍሉ። የአንድ ሻይ ዋጋ ይሁን፣ ግን ይከፈል፤ አረጋውያንና ተማሪዎች በነፃ ይግቡ። የገባውን ገንዘብ በደረሰኝ ያዙ፣ ወሩ ሲያልቅ ግድግዳው ላይ ለጥፉት። ሲፈርስ ካየሁት ቡድን አብዛኛው የፈረሰው በሂሳብ መጠራጠር ነው፤ ያውም በጥቂት ብር።

ሠዓሊዎች ሆይ፣ የእናንተ አዳራሽ ግድግዳ ነው። የጤና ጣቢያው መጠበቂያ፣ የትምህርት ቤቱ አጥር፣ የመናኸሪያው ግንብ አለ። ቀለሙንና መወጣጫውን ከመሥሪያ ቤቱ፣ የእጃችሁን ዋጋ በውል ጠይቁ። በሥራችሁ ላይ ስማችሁን ጻፉ፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪ ስሙ እንዲጠቀስ መብት ይሰጣል፣ ስለዚህ ስም መጻፍን እንደ ትዕቢት የሚቆጥር ካለ አዋጁን አሳዩት።

ድጋፍ ስትቀበሉ የምትሠሩት ነገር የማን እንደሆነ መጀመሪያ ላይ ተነጋገሩ። የወባ መከላከያ ድራማ ሥሩ የሚል ጽሕፈት ቤት የወባውን መልእክት ሊነግራችሁ ይችላል፤ የገጸ ባሕርያቱን ኑሮ ግን እናንተ ጻፉት። መልእክት ብቻ የሆነ ድራማ ሰው ያዛጋበታል፣ ወባውንም አይከላከልም። ጽሑፋችሁ ሙሉ በሙሉ ከተለወጠባችሁ በትሕትና ተዉት፤ ክፍሉ ካላችሁ የዚያን ወር መድረክ ብታጡም ልምምዱ ይቀጥላል።

አዳራሹን ቢከለክሏችሁ ወደ ትምህርት ቤት ሂዱ። ርዕሰ መምህሩ የሚፈራው የፈተናን ወቅት ነው፤ ሰኔን አትጠይቁ፣ ከመስከረም እስከ ግንቦት ጠይቁ፣ የሚኒ ሚዲያውን ልጆችም አብራችሁ አሠልጥኑ። እዚያም ካልሆነ በአካባቢያችሁ የወጣት ማዕከል ካለ የማኔጅመንት ኮሚቴው መቼ እንደሚሰበሰብ ጠይቁ፣ ከስብሰባው ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ደብዳቤውን አስገቡ፣ በቀኑም አንድ ልጅ በር ላይ ይጠብቅ፤ ጥያቄ ካላቸው ገብቶ እንዲመልስ።