ለአርኤክስ 580 ባዮስ ሲመርጡ ከሜሞሪው ቺፕ ይነሡ

ከሸዋ ሮቢት የጻፉልን ወንድማችን ያገለገለ ባለ 8 ጊጋባይት አርኤክስ 580 የኤኤምዲ ግራፊክስ ካርድ ገዝተው፣ ለማይኒንግ (ለዲጂታል ገንዘብ ማምረቻ) የተቀየረ ባዮስ (ካርዱን የሚያስነሣው ውስጣዊ ፕሮግራም) ስለነበረበት በስምም በሞዴልም አንድ የሆነ ኦሪጅናል ባዮስ ከኢንተርኔት አውርደው እንደጫኑበት፣ አሁን ኮምፒውተሩ ቢነሣም ድራይቨሩ ሲጫን ስክሪኑ በባለቀለም ነጠብጣብ ተሞልቶ እንደሚጠፋ ገልጸው፣ ካርዱ ተቃጥሎ ይሆን ወይ ብለው ጠይቀዋል። እኔ ደብረ ብርሃን በጥገና ሥራ ላይ ያለሁ ስሆን፣ እንዲህ ያሉ ካርዶች ደጋግመው ስለሚገጥሙኝ ያየሁትን ላካፍልዎ። ከምልክቱ እንደምረዳው ካርዱ ደኅና ሳይሆን አይቀርም፤ ችግሩ የጫኑት ባዮስ ካርዱ ላይ ላለው ሜሞሪ ያልተዘጋጀ መሆኑ ይመስለኛል።

በአንድ ስም የሚሸጡ ካርዶች ሁሉ አንድ ዓይነት ሜሞሪ የላቸውም። አርኤክስ 580 እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣ ጀምሮ የሳምሰንግ፣ የኤስኬ ሃይኒክስ ወይም የማይክሮን ቺፕ እየተገጠመለት ስለተሠራ፣ ካርቶናቸውም ፋናቸውም የማይለይ ሁለት ካርዶች ውስጣቸው የተለያየ ሊሆን ይችላል። በባለ 8 ጊጋባይቱ ካርድ ጂፒዩውን (ዋናውን የግራፊክስ ፕሮሰሰር) የከበቡት የሜሞሪ ቺፖች ስምንት ሲሆኑ እያንዳንዳቸው 1 ጊጋባይት ይይዛሉ። ባዮሱ ደግሞ የሚደግፋቸውን ቺፖች ዝርዝር፣ ለእያንዳንዱም ቺፕ በየፍጥነቱ የተለካ ታይሚንግ፣ ማለትም ጂፒዩው ከአንዱ ትእዛዝ ወደ ሌላው ለመሻገር ስንት ዑደት መጠበቅ እንዳለበት የሚወስኑ ቁጥሮችን ይዟል። እነዚህ ቁጥሮች ለአንዱ ፋብሪካ ቺፕ የተለኩ በመሆናቸው በሌላው ላይ እንዲሠሩ አይጠበቅም። ድራይቨሩ እስኪጫን ድረስ ካርዱ ሜሞሪውን በሙሉ ፍጥነት ስለማያሠራው ስክሪኑ ጤነኛ መስሎ ይቆያል፤ ፍጥነቱ ወደ 2000 ሜጋኸርዝ ሲወጣ ግን ስሕተቱ ይገለጣል።

ስለዚህ አዲስ ፋይል ከመፈለግዎ በፊት ቺፑን ይለዩ። ጂፒዩ-ዚ የሚባለው ፕሮግራም የሜሞሪውን ፋብሪካ ስም ያሳያል፤ ባዮሱ በተቀያየረ ካርድ ላይ ግን እኔ በዓይኔ ሳላይ አልወስንም። ሂትሲንኩን (የካርዱን ማቀዝቀዣ ብረት) ፈትተው፣ በቺፖቹ ላይ ያለውን ቅባት በአልኮል ጠርገው፣ በስልክዎ ካሜራ አጉልተው ያንብቡት። የሳምሰንጉ ጽሑፍ በኬ4ጂ80፣ የሃይኒክሱ በኤች5ጂ ይጀምራል፤ ማይክሮን በዲ9 የሚጀምር አጭር ኮድ ብቻ ስለሚያትም ሙሉ ስሙን ከኩባንያው ድረ ገጽ መፈለግ ያስፈልጋል። ቴክፓወርአፕ የሚባለው ድረ ገጽ የባዮስ ስብስብ በእያንዳንዱ ፋይል ሥር የሚደግፋቸውን ቺፖች ስለሚዘረዝር፣ ከቺፑ ያነበቡትን ከዚያ ጋር ያመሳክሩ። ፋይሉን ፖላሪስ ባዮስ ኤዲተር በሚባለው ፕሮግራም ሲከፍቱት ደግሞ በታይሚንጉ ሰንጠረዥ 1፡2000 እና 2፡2000 የሚሉ ዓይነት መስመሮች ያገኛሉ፤ ፊተኛው ቁጥር የቺፑ ተራ፣ ኋለኛው ፍጥነቱ ነው።

የድሮውን የማይኒንግ ባዮስ ባክአፕ አድርገው ከሆነ እባክዎ እንዳይሰርዙት። ብዙዎች እንደ ቆሻሻ ይጥሉታል፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጥ ማስረጃ ነው። ማይነሮች የሚያደርጉት በአብዛኛው ለዝቅተኛ ፍጥነት የተጻፈውን ጠባብ ታይሚንግ ወደ ከፍተኛው ፍጥነት መስመር መገልበጥ ስለሆነ፣ የቺፖቹ ዝርዝር ሳይነካ ይቀራል፤ ካርዱም በዚያ ባዮስ ይሠራ ከነበረ ቺፑ በዝርዝሩ ውስጥ አለ ማለት ነው።

መጫኛው ፕሮግራም ዝም ስላለ ፋይሉ ትክክለኛ ነው ብለው አይመኑ። እርሱ የሚያመሳክረው የካርዱን መለያ ቁጥር እንጂ ሜሞሪውን አይደለም። ካርዱ 2048ኤስፒ የሚባለው ከሆነም የመደበኛውን 580 ባዮስ አይጫኑበት፤ መደበኛው 2304 ስትሪም ፕሮሰሰር (በጂፒዩው ውስጥ ያሉ ትናንሽ የስሌት ክፍሎች) ሲኖረው ይኸኛው 2048 ብቻ ነው ያለው።

ለመጫን ማዘርቦርዱ የራሱ ግራፊክስ ካለው በእርሱ አስነሥተው ይጫኑ። ካርዱ ጎን ላይ የባዮስ መቀያየሪያ ካለም በደኅናው ባዮስ አስነሥተው፣ ኮምፒውተሩ ከተነሣ በኋላ መቀያየሪያውን ወደተበላሸው መልሰው መጫን ይቻላል። መብራት በመሐል እንዳይሄድብዎ ዩፒኤስ ቢኖር መልካም ነው። የማዘርቦርድ ግራፊክስም መቀያየሪያም ከሌለ ሲኤች341ኤ የሚባለው ፕሮግራመር (ቺፕ ላይ ፋይል መጻፊያ መሣሪያ) ባለ ስምንት እግሩን የባዮስ ቺፕ በቀጥታ ይጽፈዋል፤ ርካሾቹ ግን በዳታ መስመር 5 ቮልት ስለሚለቁ አስቀድመው የቺፑን ቮልቴጅ ያረጋግጡ፤ ከመጻፍዎ በፊትም ሁለት ጊዜ አንብበው ሁለቱ ፋይሎች አንድ ዓይነት መሆናቸውን ይመልከቱ።

ከጫኑ በኋላ የድሮውን ድራይቨር ዲዲዩ በሚባለው የድራይቨር ማጥፊያ ፕሮግራም አጥፍተው አዲስ ይጫኑና ጌም እያሄዱ ኤችደብሊውኢንፎ በሚባለው የመከታተያ ፕሮግራም የጂፒዩ ሜሞሪ ስሕተት የሚለውን መስመር ይከታተሉ። ቁጥሩ 0 ላይ ከቆየ ባዮሱ ገጥሟል፤ ከጨመረ ግን ስክሪኑ ንጹሕ ቢሆንም ያንን ፋይል እኔ ካርዱ ላይ አላቆየውም። የቺፑን ጽሑፍ ፎቶ እዚሁ ቢለጥፉልን ፋይሉን አብረን እንመርጣለን፤ ፕሮግራመር ካጡም ደብረ ብርሃን ሲወጡ ካርዱን ይዘውልኝ ይምጡ።