ጉርሻውን ተዉት

ልጆች፣ ይቺን የምጽፈው አባታችሁን ወይም እናታችሁን ስትሮክ መትቷቸው ከሆስፒታል ወደ ቤት ይዛችሁ ለገባችሁ ነው። መጀመሪያ ነርስ፣ ኋላ ፊዚዮቴራፒስት ሆኜ እዚሁ ባሕር ዳር ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። እስከዛሬ የሚያበሳጨኝ ነገር ቢኖር ፍቅራችሁ ነው።

አትቆጡ፣ ላስረዳ። አባት ከሆስፒታል ሲወጡ ቤቱ በጠያቂ ይሞላል። አንዱ ያጎርሳል፣ አንዷ ፊታቸውን ታጥባለች፣ ጎረምሳው ተሸክሞ ሽንት ቤት ያደርሳቸዋል። የተመታው እጅ ጭናቸው ላይ እንደተጋደመ ይውላል። ማንም ሥራ አያዘውም። አንጎል ደግሞ በስትሮኩ የሞተውን ክፍል ሥራ ለቀረው ማስተማር ይችላል፣ ግን የሚያስተምረው ያው እንቅስቃሴ በየቀኑ፣ አንዳንዴ መቶ ጊዜ ሲደጋገም ነው። ብዙው ለውጥ የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ከ6 ወር በኋላም መሻሻል አለ፣ ቀስ ይላል እንጂ። እኛ ቤት እነዚያ 3 ወራት በጉርሻ ያልቃሉ።

አንድ ታንኳ ሠሪ ሽማግሌ ነበሩ፣ ከሐይቁ ማዶ የመጡ። ሲወጡ ጣታቸው መታጠፍና መዘርጋት ጀምሮ ነበር። እኔ ወረፋ በዝቶብኝ በር ላይ ቆሜ ልጃቸውን "እያንቀሳቀስሽላቸው" ብዬ ሸኘኋት። አላሳየኋትም። ከ4 ወር በኋላ በጀልባ ተመለሱ። ክርናቸው ታጥፎ ደረታቸው ላይ ተጣብቋል። ጣቶቻቸው መዳፋቸው ውስጥ ገብተው ጥፍራቸው ቆዳውን አቁስሎታል። ልጅቷ ደግሞ ኮራ ብላ "አንድ ቀን እንኳ አላደከምኳቸውም" አለችኝ። ምን ልበላት? ጥፋቱ የኔ ነው።

ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ባለሙያውን ያዙትና "አሳየኝ" በሉት። ከዚያ እናንተ ሥሩት፣ እሱ ይይ። ቢቸኩልም አትልቀቁት። ቀጠሮም ቢርቅ፣ የባጃጅና የጀልባ ሒሳብ ቢከብድም በቻላችሁት መጠን አትቅሩ፤ ልምምዱ እየተቀየረ ስለሚሄድ የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት ለዓመት አይበቃም።

ቤት ውስጥ ያለው ዕቃ ይበቃችኋል። ምስር በሰፌድ አቅርቡላቸውና በተመታው እጃቸው ይልቀሙ። ስኒ ያንሱ፣ ባዶውን። እንጀራውን ራሳቸው ይቁረሱ፣ ቢፈስም ይፍሰስ፣ ልብስ ይታጠባል። ግን ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነው የሚበሉት፤ ውኃ ሲጠጡ የሚያስላቸው ከሆነ ቶሎ ለሐኪም ንገሩ፣ ወደ ሳንባ እየገባ ሊሆን ይችላል። ከአልጋ ስታነሱ የተመታውን ክንድ አትጎትቱ። ትከሻው ላልቷል፣ ይወልቃል። ወጌሻም እንዳይስበው።

ቀኝ ጎኑ የተመታ ሰው ብዙ ጊዜ አፉም ይያዛል፤ ያ ማለት ግን ነገር አይገባውም ማለት አይደለም፣ ፊቱ ስለሱ አታውሩ። የልጃቸውን ስም መጥራት ያቃታቸው እናት "አባታችን ሆይ" ብላችሁ ስትጀምሩላቸው አንዳንዴ እስከ "አሜን" ይወጡታል። ተገርማችሁ አታቋርጧቸው።

ጸበል? ውሰዷቸው። የቻሉትን ያህል በእግራቸው ከሄዱ እሱም ልምምድ ነው። የደም ግፊት ኪኒኑን ግን ማንም ቢላችሁ እንዳታቋርጡ፣ ሁለተኛው ስትሮክ የሚመጣው በዚያ በር ነው።

የኛ ሽማግሌ እጅ ሙሉ ለሙሉ አልተከፈተም፣ ረፍዶ ነበር። ጣታቸውን እያፍታታን ወራት ሄደ። አንድ ቀን ልጅቷን ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል ይዘሽ ነይ አልኳት። ጉያቸው ላይ አስቀመጥንላቸው። በደህናው እጃቸው ዳበሱት፣ ከዚያ ማንም ሳያዛቸው ያንን የተጨበጠ እጅ አንስተው ነዶውን ተጫኑበትና በሌላኛው ማሰር ጀመሩ።

ቀና ብለው ልጃቸውን አዩዋት። "ይሄማ ቀጭን ነው፣ ከየት ነው ያጨድሽው?" አሏት።