ቤቱ ሰፊ፣ መንገዱ ረጅም

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሃዋይ፣ ኦዋሁ ደሴት ነው ያለው። ዋይኪኪ በሚባል ሰፈር ሆቴል ውስጥ ይሠራል። እኔና ሁለቱ ልጆች በቅርቡ ልንሄድ ነው። ኤዋ ቢች የሚባል ሰፈር በዚያው ኪራይ ሰፋ ያለ ቤት እናገኛለን፣ እዚያ እንግባ ይላል። መንገዱ አያሰለቸውም? ከአዳማ

መልስ፦ እህታችን፣ አዳማ እያደረ አዲስ አበባ የሚሠራ ሰው ሳታውቂ አትቀሪም። እሱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ በፈጣን መንገዱ ሽው ይልና ከተማው መግቢያ ላይ ነው የሚታነቀው። የባልሽ መንገድ 35 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ግን ደሴቱ በተራራና በባሕር መሃል የተጣበቀ ስለሆነ እንደ ኤዋ ካለው ከምዕራብ በኩል የሚመጣው ሠራተኛ ሁሉ ጠዋት ጠዋት ኤች-ዋን በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ይከመራል፣ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ አይግረምሽ። ስካይላይን የተባለው ባቡር በ2023 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀምሯል፤ ዋይኪኪ ግን አይደርስም።

ስለዚህ ወሳኙ ፈረቃው ነው። ጎህ ሳይቀድ ወይም ከሰዓት የሚገባ ከሆነ ኤዋ ግቡ። ጠዋት 2 ሰዓት ከሆነ ግን እኔ ብሆን ዋይኪኪ አቅራቢያ ያለውን ጠባቡን ቤት እመርጣለሁ፣ ልጆቹ አባታቸውን ተኝተው ብቻ እንዳያገኙት። ቤንዚንና የመኪና ማቆሚያም ኪራዩ ላይ ደምሩበት። ውል ሳይፈርም አንድ ሰኞ ጠዋት ከኤዋ ተነስቶ ይሞክረው።