ገንዘብ ቢሰድቡት ምን ገዶት?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። ገንዘብ ሰው ላይ ባለው ሥልጣን የሚያሾፍ ግጥም ጽፌ ለጓደኞቼ አነበብኩላቸው። ማንም አልሳቀም፤ አንዱማ ጭራሽ «አሜን» አለኝ! አጀማመሩ ይኸው፦

ገንዘብ ክፉ ነገር ሰውን የሚያጠፋ፣
ፍቅርን የሚገድል ነፍስን የሚያከፋ።

ምን ጎደለው?

መልስ፦ «አሜን» ያለህን ጓደኛ እንዳታጣው፤ አንድም ሳያስረዝም ሒሱን ጨርሶልሃል። ስብከት ነው ማለቱ ነው። ቤቱ ይመታል፣ ምጣኔውም ደህና ነው። ግን የሰደብከው ገንዘብን ነው፣ ገንዘብ ደግሞ ቢሰድቡት አይቀየምም። አንባቢውም «ልክ ነው» ብሎ ያልፋል፤ ግጥሙ ውስጥ እሱ የለማ! ስላቁ የሚመጣው የሚያጎነብሰውን ሰው ስታሳየን ነው፦ ትናንት ሰላምታ የነፈገህ ሰው ዛሬ እስከ በር ድረስ ሲሸኝህ፣ ጠፍቶ የከረመው ዘመድ ድንገት ደውሎ «እንዲያው ድምፅህ ናፍቆኝ» ሲል፣ እና አንተም ነገሩ ገብቶህ ሳለ ደስ ሲልህ። ይቺ የመጨረሻዋ ደግሞ ትብሳለች። እስቲ እኔ ልሞክረው፦

ባዶ ኪሴን አይቶ «አንተ ዞር በል» ያለኝ፣
«እርስዎ» እያለ ዛሬ ቆሞ ተቀበለኝ።
እኔ ያው እኔ ነኝ፣ ቁመት አልጨመርኩም፣
ወንበሩ ለኪሴ፣ እኔ አልተቀመጥኩም።

ትልቅ ግጥም ነው አልልህም። ግን ልብ በል፣ «ገንዘብ» አላልኩም፣ «ክፉ»ም አላልኩም። ፍርዱን ለአንባቢ ትቼዋለሁ።

ሌላም መንገድ አለ፤ እኔ እንዲያውም ይሄኛውን እወደዋለሁ። ስድቡን ትተህ አሞግሰው! ገንዘብን ንጉሥ አድርገህ አንግሠው፣ ሙገሳውን እስኪያስቅ ድረስ ግፋበት። ይህ የቆየ ጥበብ ነው። ካርሚና ቡራና በሚባለው የመካከለኛው ዘመን የላቲን ግጥሞች ስብስብ ውስጥ (የእጅ ጽሑፉ በ1803 እ.ኤ.አ. ባቫርያ ውስጥ ከአንድ ገዳም ነው የተገኘው) ሳንቲም በምድር ላይ የሁሉ የበላይ ንጉሥ ተብሎ ነግሦ እናገኘዋለን። ነገሥታት ይወዱታል፣ የቤተ ክህነት ሰዎችም ይሰግዱለታል። የስፔኑ ፍራንሲስኮ ዴ ኬቬዶም በ1605 እ.ኤ.አ. በታተመ ግጥሙ ገንዘብን እንደ አንድ የተከበረ ጌታ «ዶን» ብሎ ይጠራዋል። ተናጋሪዋ ወርቅ የወደደች ልጅ ናት፤ ፍቅሯን ለእናቷ ነው የምትናዘዘው። ጌታው በአሜሪካ ተከብሮ ይወለዳል፣ ስፔን መጥቶ ይሞታል፣ የጣሊያኗ ከተማ ጄኖዋ ይቀበራል ትለናለች። ቀልድ ይመስላል፣ ግን የዘመኑ ሒሳብ ነው፦ ከቅኝ ግዛት በመርከብ የሚመጣው ወርቅና ብር ስፔን ውስጥ ሳያድር ለንጉሡ ወዳበደሩት የጄኖዋ ባለ ባንኮች ይሄድ ነበር። የአንድ መንግሥት ዕዳ በጥቂት ስንኝ አለቀ! አንተም «ገንዘብ ያጠፋል» ከምትል ከማን እጅ ወጥቶ ማን እጅ እንደገባ ተከተለው።

በሙገሳው መንገድ ብጽፈው ደግሞ፦

ቀልዱን ሳይጀምረው ጉባኤው ሳቀለት፣
ማስነጠሱም ሳይቀር ቅኔ ተባለለት።

እዚህ ላይ ባለ ገንዘቡ ምንም አላጠፋም፣ ያስነጠሰ ሰው ነው። የሚያስቁት ሌሎቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ እኔም እንዲህ ያለ ግጥም እጽፋለሁ። ሰው ግን «ስላጣሽ ነው፣ ምቀኝነት ነው» ይለኛል። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ «አዎ፣ አጥቻለሁ» በያቸው፣ እህቴ። ገንዘብ ሰውን ምን እንደሚያደርግ ካላገኘ ሰው በላይ በቅርበት ያየ ማን አለ? የሮሙ ገጣሚ ጁቬናል ከ1,900 ዓመት በፊት በሦስተኛው የስላቅ ግጥሙ እንዲናገር ያደረገው ሰው ድሃ ነው፤ ኑሮው አላላውስ ብሎት ከተማዋን ጥሎ ሊሄድ የተነሣ። የሰው ቃል የሚታመነው ሣጥኑ ውስጥ ባለው ገንዘብ ልክ ነው ይላል። ከድህነት ጣጣ ሁሉ የሚብሰው ሰውን መሳቂያ ማድረጉ እንደሆነ ይናገራል፤ የተቀደደ ልብስ፣ የተጣፈ ጫማ ሲያዩ ይስቃሉ። ምቀኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጫማው ላይ ያለችውን ጥፍ ባላየልን። ደግሞስ ያለው ሰው ቢጽፈው «ጠግቦ ነው» ሊሉት አይደል?

ጥያቄ፦ ሀብታም ከሆነ በኋላ የዘጋን አጎት አለኝ። በስሙ ልጻፍበት?

መልስ፦ ተው። ስሙን ከጠራህ ጉዳዩ የቤተሰብ ጠብ ይሆናል፣ ሌላውም ዘጊ ሁሉ «እኔን አይደለም» ብሎ እግሩን ዘርግቶ ያነባል። ስልክ ሲደወልለት ስምህን አይቶ የሚገለብጠውን አጎት ብቻ ጻፈው፣ ሌላውን አንባቢ ራሱ ይሞላዋል። ርዝመቱን ከስምንት ስንኝ አታሳልፈውና ላክልን፤ ጥሩ ከሆነ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።