ካንሰር እየታከሙ ስለ ልባቸው ለሚጨነቁ፦ ጥያቄና መልስ

የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ከካንሰር ክፍል ወደ ልብ ክሊኒክ የሚላኩ ታካሚዎችን አያለሁ። ዛሬ ማታ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። እዚህ ያነበባችሁትን ይዛችሁ በራሳችሁ መድኃኒት እንዳትጀምሩ፣ እንዳታቋርጡም አደራ። ከዚህ የሚለየው ስለ ደረት ሕመም የምለው ብቻ ነው፤ እሱ ቀጠሮ አይጠብቅም።

ጥያቄ፦ እናቴ የጡት ካንሰር አለባት፤ ደሴ ነን። ቀዩን መድኃኒት ከመጀመሯ በፊት የልብ አልትራሳውንድ (ኤኮ) ታዘዘላት። ጎረቤት ደግሞ "ልብ ያደክማል" ብሎ አስፈራራን። እውነት ነው?

መልስ፦ ቀዩ መድኃኒት ዶክሶሩቢሲን ነው። አዎ፣ ልብን ሊጎዳ ይችላል። ጉዳቱን በዋናነት የሚወስነው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተወሰደው ድምር ነው። መጠኑ የሚሰላው በሰውነት ስፋት ነው። በካሬ ሜትር 400 ሚሊግራም ከወሰዱ 100 ሰዎች 5 ያህሉ ልብ ድካም እንዳገኛቸው ታይቷል፤ ድምሩ 550 ሲደርስ ቁጥሩ ወደ 26 ይዘላል። ለጡት ካንሰር የተለመደው በአንድ ዙር 60 ሆኖ 4 ዙር ነው፣ ማለትም 240። ከአደገኛው ክልል ገና ሩቅ ነው።

ታዲያ ኤኮው ለምን አስፈለገ? እኛ አገር በልጅነት በጉሮሮ ሕመም ሰበብ የልብ ቫልቩ ተጎድቶ ሳያውቀው ያደገ ሰው ብዙ ነው። ግፊቱን ተለክቶ የማያውቅም እንዲሁ። ይህን መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ማወቅ ይሻላል፤ በኋላ የሚታየውንም ለውጥ የምናመዛዝነው በዚያ ነው። እናትዎ መድኃኒቱን በወሰደች ማግስት ሽንቷ ቢቀላ ደም መስሏችሁ አትደንግጡ፤ የመድኃኒቱ ቀለም ነው፣ በአንድ ሁለት ቀን ይጠራል።

ጥያቄ፦ የኤኮ ወረቀቴ ላይ "ኢጀክሽን ፍራክሽን 58 በመቶ" ይላል። 42 በመቶው ልቤ ሞቷል ማለት ነው?

በፍጹም! ቁጥሩ ልብዎ በአንድ ምት ከያዘው ደም ስንት በመቶውን ጨምቆ እንደሚያወጣ ነው የሚናገረው። የማንም ልብ በአንድ ምት ያለውን ደም በሙሉ ጨምቆ አያወጣም። 58 ጤነኛ ቁጥር ነው። ለእኛ ዋናው ካለፈው ጋር ሲተያይ የሚታየው ነው፤ ከ65 ወደ 52 የወረደ ሰው ቁጥሩ ለብቻው ደህና ቢመስልም በቅርብ እንከታተለዋለን። ስለዚህ የድሮውን ወረቀት ሁልጊዜ ይዘው ይምጡ። ከተቻለ በዚያው ማሽን፣ በዚያው ባለሙያ መነሣት ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው ያለሁት። ለጡት ካንሰር የሚሰጠውን ሄርሴፕቲን ጀምሬ ነበር፤ ኤኮዬ ወረደ ብለው አቆሙብኝ። ካንሰሩ ይመለስብኛል ብዬ እንቅልፍ የለኝም።

እህቴ፣ ፍርሃትሽ ይገባኛል። ሄርሴፕቲን (ትራስቱዙማብ) እንደ ዶክሶሩቢሲን አይደለም። ዶክሶሩቢሲን የልብ ጡንቻ ሴሎችን ይገድላል። ሄርሴፕቲን ግን የልብ ጡንቻ ራሱን የሚጠግንበትን መንገድ ነው የሚዘጋው፤ መድኃኒቱ ቆሞ መንገዱ ሲከፈት አብዛኛው ሰው በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ያገግማል። በየ3 ወሩ ኤኮ የሚያስነሱት ችግሩን ገና ሳይሰማሽ ለመያዝ ነው፣ በአንቺም ላይ የሆነው ይኸው ነው። ብዙዎች እንደ ኤናላፕሪል ወይም ካርቬዲሎል ያለ የልብ መድኃኒት እየወሰዱ ሄርሴፕቲኑን መልሰው ይጀምራሉ። ሁለት ነገር ጠይቂያቸው፦ የሚቀጥለው ኤኮ መቼ ነው? የካንሰር ሐኪሜና የልብ ሐኪሜ ስለ እኔ ተነጋግረዋል? ሁለተኛውን ሳታፍሪ ደጋግመሽ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ደረጃ ስወጣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሁሉም "የኬሞ ድካም ነው" ይሉኛል። በምን ልለየው?

ዛሬ ከመጡት ጥያቄዎች ሁሉ ይህን ሁሉም ሰው እንዲያነብልኝ እፈልጋለሁ። የኬሞ ድካም ተኝተውም ተቀምጠውም የማይለቅ ነው። ደም ማነስም ያደክማል፤ እሱ በደም ምርመራ ይታወቃል። የልብ ሲሆን ጋደም ሲሉ ይብስብዎታል፣ ትራስ መደራረብ ይጀምራሉ፣ ሌሊት አየር አጥሮዎት ተነሥተው ይቀመጣሉ።

ቤት ውስጥ ይህን ያድርጉ። ጠዋት ሽንት ቤት ደርሰው፣ ቁርስ ሳይበሉ ይመዘኑና ይጻፉት። በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመሩ ውኃ እየቋጠሩ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪምዎ ይንገሩ። ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ የቅልጥምዎን አጥንት በአውራ ጣት ጫን አድርገው እስከ 5 ይቁጠሩ፤ ጣትዎን ሲያነሡ ጎድጉዶ ከቀረ እብጠት አለ። ሁለቱም እግር ካበጠ ልብን እንጠረጥራለን፤ ኩላሊትም፣ አንዳንድ መድኃኒትም ያሳብጣል። አንዱ እግር ብቻ አብጦ ካመመና ከሞቀ ግን የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ። ካንሰር ደም ያረጋል፤ እንደ ሲስፕላቲን ያሉ የኬሞ መድኃኒቶችም ይጨምሩበታል።

"ካንሰር ይዞኝ ይህ ምን ይገርማል" እያሉ በዝምታ ችለው፣ ሳንባቸው ውኃ ሞልቶ የሚመጡ ሰዎች አሉ። ከሁሉ የሚያመኝ ይህ ነው። እባካችሁ ተናገሩ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነኝ፤ ለአንጀት ካንሰር ካፔሲታቢን የሚባል ኪኒን ከጀመርኩ 3 ቀኔ ነው። ደረቴን ጭምቅ ያደርገኛል። ጨጓራ መስሎኝ ኦሜፕራዞል ወሰድኩ።

ወንድሜ፣ ይህን እንዳነበብክ ድንገተኛ ክፍል ሂድ። የሚቀጥለውን ኪኒን አትዋጥ፤ የኪኒኑን ሣጥን ይዘህ ሂድና አሳያቸው። ካፔሲታቢንና በደም ሥር የሚሰጠው ዘመዱ ፍሉሮዩራሲል የልብ ደም ሥርን በድንገት ሊያጠብቡ ይችላሉ፤ ብዙ ጊዜም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ልቡ ጤነኛ የነበረ ወጣትም ያጋጥመዋል።

ጥያቄ፦ በዚሁ ኪኒን ላይ ሆኖ ጫት መቃም ይቻላል?

አይቻልም። ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ይጨምራል፣ ለብቻውም የልብ ደም ሥርን ሊያጠብብ ይችላል።

ጥያቄ፦ ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው። ኬሞ ላይ ነኝ፤ የግፊትና ውኃ የሚያሸና ኪኒንም እወስዳለሁ። እስከ 9 ሰዓት ብጾምስ?

ሕመምተኛ ከጾም እንዲያርፍ ቤተ ክርስቲያን ትፈቅዳለች፤ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። በሕክምናው በኩል ግን እህል ውኃ ሳይቀምሱ እነዚህን ኪኒኖች መዋጥ ግፊትዎን ጥሎ ራስዎን ሊያስትዎት፣ ኩላሊትዎንም ሊጎዳ ይችላል። የጾም ወጥ ሲሠራም ጨው ይቀነስ፤ በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጁ ጨው ገብቶባቸው ከሆነ እሱንም ያስቡበት።

ጥያቄ፦ በግራ ጡቴ በኩል ጨረር ልታከም ነው።

ልብ በግራ በኩል ስለሆነ ጨረሩ ሊነካው ይችላል። መሣሪያው ባለበት ቦታ ትንፋሽ በጥልቀት ስቦ በመያዝ ልብን ከጨረሩ መስመር ማራቅ ይቻላል፤ ይኖራቸው እንደሆን ጠይቂ። ጉዳቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ስለሆነ ግፊትን፣ ስኳርንና ኮሌስትሮልን ከአሁኑ መቆጣጠር ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ልጄ በ9 ዓመቱ የደም ካንሰር ታክሞ ድኗል። አሁን 19 ነው፣ ኳስ ይጫወታል። ጉዳዩ አበቃ ማለት ነው?

ስለ መዳኑ እግዚአብሔር ይመስገን። ክትትሉ ግን አላበቃም። በልጅነት ዶክሶሩቢሲን ወይም ዘመዱን ዳውኖሩቢሲንን የወሰደ ሰው ልብ ከ10፣ ከ20 ዓመት በኋላም ሊደክም ይችላል። ሴት ልጅ ብትሆን ከማርገዟ በፊት ኤኮ እንድትነሣ እመክር ነበር። የታከመበትን ሆስፒታል የመድኃኒቱን ስምና ድምር መጠን ጽፈው እንዲሰጡዎት ይጠይቁ፤ ኤኮውን በየ2 ወይስ በየ5 ዓመቱ እንደሚነሣ የሚወሰነው በዚያ ቁጥር ነው። ወረቀቱን ሲያገኙ ፎቶ አንሥተው ለልጁም ስልኩ ላይ ይላኩለት፤ ወደፊት ለሐኪም የሚያሳየው እሱ ራሱ ነው።