ብራያን ኮክስ በ15 ዓመቱ ትምህርት አቁሟል፤ እኔስ ላቁም?

ጥያቄ፦ «17 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ግላስጎው ነው። ከቤተሰቦቼ ጋር ከአዲስ አበባ የመጣሁት ትንሽ ልጅ ሆኜ ነው። ተዋናይ መሆን እፈልጋለሁ። እናቴ ደግሞ ፋርማሲ ካልሆነ ትላለች። ‹ሰክሴሽን› በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ላይ አባትየውን ሆኖ የሠራው ብራያን ኮክስ በ15 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ቲያትር ቤት እንደገባ አነበብኩ። እኔም ዘንድሮ አቋርጬ ለንደን ሄጄ ኦዲሽን ልሞክር አስቤያለሁ። ምን ትመክረኛለህ?»

መልስ፦ መልሱን አላቆይብህም፤ አትሂድ። ቢያንስ ዘንድሮ አትሂድ። ተዋናይ አትሆንም ማለቴ ግን አይደለም። ያነበብከው ታሪክ እውነት ነው፤ ግን ከመሀሉ ተቆርጦ ነው የደረሰህ። ሙሉውን ስታየው የሚመክርህ ሌላ ነገር ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ኮክስ የተወለደው በ1946 ስኮትላንድ ውስጥ ደንዲ ከተማ ነው። ለቤቱ አምስተኛና የመጨረሻ ልጅ ነው። አባቱ ሱቅ ነበራቸው። ሰፈርተኛው ሁሉ በዱቤ የሚወስድባቸው ደግ ሰው ነበሩ። ኮክስ ስምንት ዓመት ሲሆነው በካንሰር ሞቱ። ቤተሰቡ ባንክ ሲጠይቅ የቀረው 10 ፓውንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ቀድሞ በቃጫ ፋብሪካ ፈታይ የነበሩት እናቱ በሐዘኑ አእምሯቸው ታወከ፤ ሆስፒታል ገቡ። ልጁን ያሳደጉት ታላላቅ እህቶቹ ናቸው ማለት ይቻላል። ኮክስ ራሱ በተደጋጋሚ የሚያወራው አንድ ነገር አለ። ራት ሲጠፋ ዓሣና ድንች ወደሚጠበስበት ሱቅ ይላካል፤ ከመጥበሻው የተራረፈውን የሊጥ ፍርፋሪ ለምኖ ይመጣል። እሱና እናቱ ያንን በልተው ያድራሉ።

ይህን የምነግርህ እንድታዝንለት አይደለም። ትምህርት ያቆመው ሕልሙን ለማሳደድ «ሁሉን ጥሎ» እንዳልሆነ እንድታይ ነው። የሚጥለው ነገር አልነበረውም። ያኔ በ11 ዓመት የሚሰጠውን ፈተና ያላለፈ ልጅ የሚገባበት ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር። ከዚያ የሚወጣው አብዛኛው ልጅ መድረሻው ፋብሪካ ወይም የእጅ ሙያ ነው። ስለዚህ በ15 ዓመት ወጥቶ ሥራ መያዝ የሰፈሩ ወግ ነው እንጂ ድፍረት አልነበረም። አንተ ግን ያለህበት ሌላ ነው። የምታቋርጠው ትምህርት በር የሚከፍትልህ ትምህርት ነው።

አሁን ደግሞ የት እንደገባ እንይ። በ1961 ደንዲ ሬፐርቶሪ ቲያትር ተቀጠረ። ተዋናይ ሆኖ እንዳይመስልህ። መድረክ ይወለውላል፣ ዕቃ ያመላልሳል፣ የተላከውን ሁሉ ይላካል። የገባ ዕለት ደረጃው ላይ ሁለት ሰዎች በቡጢ ሲቃመሱ አገኘ። አንዱ በኋላ ታላቅ ተዋናይ ለመባል የበቃው ኒኮል ዊሊያምሰን ነበር። ሌላ ልጅ ቢሆን ከበሩ ይመለስ ነበር። ኮክስ ግን «ቤቴ ገባሁ» ነው ያለው ስሜቱ። እንዲህ ያለው ቲያትር ቤት ቋሚ የተዋናዮች ቡድን አለው፤ አንዱ ተውኔት ሳይወርድ ሌላው ይለማመዳል። ወለሉን የሚወለውለው ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ስንት ዓይነት ተውኔት ከስር ከስሩ እንደሚያይ ገምት። ደሞዝ እየተከፈለው ይማር ነበር ማለት ነው።

ከተቆረጠው ታሪክ ውስጥ የወደቀው ቁራጭ ይኸውልህ። በ1963 ኮክስ ወደ ትምህርት ተመለሰ። ለንደን ላምዳ የሚባል የታወቀ የድራማ ትምህርት ቤት አለ፤ እዚያ እስከ 1965 ተማረ። ክፍያውን የሸፈነለት መንግሥት ነው፤ ለመኖሪያውም ድጎማ ያገኝ ነበር። እሱ ራሱ ዛሬ በየቃለ መጠይቁ የሚቆጭበት ነገር ይህ ነው። የድሃ ልጅ እንደኔ ዛሬ ቢነሳ በዚያ መንገድ ማለፉ ያጠራጥራል ይላል። ስለዚህ «ትምህርት ትቶ ተሳካለት» የሚለው ወሬ ተገልብጦ የተነገረ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በፍጥነት ልለፈው። ሲመረቅ ኤዲንብራ ገባ፤ በ1965 የሮያል ላይሲየም ቲያትር ቡድን ሲመሠረት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆነ። ቀጥሎ በርሚንግሃም። በ1967 ለንደን መድረክ ላይ ታየ። በ1984 እና በ1988 ኦሊቪዬ የተባለውን የብሪታንያ ታላቅ የቲያትር ሽልማት ወሰደ፤ ሁለተኛው የሼክስፒርን ታይተስ አንድሮኒከስ በመተወን ነው። በመሀል፣ በ1986፣ ሃኒባል ሌክተር የተባለውን ሰው በላ ነፍሰ ገዳይ በፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተው እሱ ነበር። ፊልሙ ብዙም አልታየም። ከአምስት ዓመት በኋላ ያንኑ ሰውዬ አንቶኒ ሆፕኪንስ ተጫወተና ኦስካር ወሰደበት። እንዲህ ያለ ነገር ስንቱን ሰው ከሙያው ያባርረዋል። ኮክስን ግን አላባረረውም፤ ቀድሞውንም በ1990 ናሽናል ቲያትር ላይ የሼክስፒርን ኪንግ ሊር ሆኖ ቆሞ ነበር።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ቀጥሎ ያደረገው ነው። 50 ዓመት ሲጠጋው ሆሊውድ ሄደ፤ የሄደው ግን ረዳት ተዋናይ ለመሆን አስቦበት ነው። በ1995 ብቻ «ብሬቭሃርት» ላይ የዊሊያም ዋላስ አጎት፣ «ሮብ ሮይ» ላይ ደግሞ ተንኮለኛው ኪላርን ሆኗል። አጎቱ ስንት ደቂቃ እንደሚታይ ፊልሙን ደግመህ እየው። ትወና የሚፈልጉ ወጣቶች በሙሉ የሚጠይቁኝ ስለ መሪ ተዋናይነት ነው፤ አንድም ሰው ስለ አጎቱ ጠይቆኝ አያውቅም። እንጀራው ግን ያለው እዚያ ነው። «ሰክሴሽን» በ2018 ሲጀምር ኮክስ 72 ዓመቱ ነበር። ጎልደን ግሎብ የወሰደው በ2020 ነው። እዚያ የሚጫወተው አባት፣ ሎጋን ሮይ የተባለው ሰውዬ፣ መጀመሪያ ካናዳ የተወለደ ተደርጎ ነበር የተነገረው ለኮክስ። የመጀመሪያው ሲዝን ሊያልቅ ሲል ደራሲዎቹ ሐሳባቸውን ለወጡና ትውልዱን ደንዲ አደረጉት። ኮክስም የሰማው ያኔ ነው። አንተም የግላስጎው አነጋገርህን፣ አማርኛህንም ጭምር፣ ለማጥፋት አትድከም፤ ላይ ላዩ ሌላ አነጋገር ጨምርበት እንጂ።

ኮክስ ሩቅ ከሆነብህ ቀረብ ያለ ልስጥህ፤ ተዋናዩን ሹቲ ጋትዋን። በ1992 ኪጋሊ ተወለደ። ቤተሰቡ ከሩዋንዳው እልቂት ሸሽቶ ስኮትላንድ ገባ፤ ልጁም ኤዲንብራና ደንፈርምሊን አደገ። እዚያው አንተ ከተማ ካለው የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ከስኮትላንድ ሮያል ኮንሰርቫቶር፣ በ2013 በትወና ተመረቀ። የመጀመሪያ ሥራው የት መሰለህ? ያው ደንዲ ሬፐርቶሪ። የቴሌቪዥን መጀመሪያውም «ቦብ ሰርቫንት» በሚባል ኮሜዲ ላይ ብልጭ ያለባት ትንሽ ቦታ ናት፤ የኮሜዲው ዋና ተዋናይ ደግሞ ብራያን ኮክስ ነው። ከ50 ዓመት በኋላ ሁለተኛው ልጅ በዚያው በር ገባ። በኋላ «ሴክስ ኤዱኬሽን» እና «ዶክተር ሁ» የተባሉት የቴሌቪዥን ድራማዎች ዓለም ሁሉ እንዲያውቀው አደረጉ።

ለንደን አትሂድ ያልኩህ ግን ለዚህ ነው። ጋትዋ ዲግሪውን ይዞ፣ በሼክስፒር ግሎብ መድረክ ላይ ተውኖ እንኳ፣ ለንደን ውስጥ ለወራት ቤት አልባ ሆኖ በጓደኞቹ ሶፋ ላይ አድሯል። ጭንቀት ውስጥ መግባቱን ራሱ ጽፎታል። ዲግሪም ዕድሜም ልምድም የነበረው ሰው ነው። አንተ በ17 ዓመትህ፣ ያለ ሃየርስ (ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው የስኮትላንድ የሁለተኛ ደረጃ ፈተና)፣ ሥራ የሚያፈላልግልህ ኤጀንት ሳይኖርህ ብትሄድ ምን ይዘህ ነው?

እንግዲህ ምን ላድርግ ካልከኝ፣ አንደኛ ሃየርስህን ጨርስ። ከምትወስዳቸው ውስጥ ኬሚስትሪና ድራማ ይኑሩ። ኬሚስትሪው የፋርማሲ በር እንዳይዘጋብህ ይረዳል፤ እናትህም ይህንን ሲያዩ ይረጋጋሉ። ይህን የምልህ ለማባበል ብዬ አይደለም፤ በ18 ዓመት ሐሳብ ይለወጣል። ከትምህርት ሰዓት ውጭ ደግሞ መድረክ ላይ ውጣ። ሲቲዘንስ ቲያትር ከብዙ ዓመት እድሳት በኋላ ጎርባልስ ሰፈር ውስጥ ተከፍቷል፤ ትሮን ቲያትርም መሀል ከተማ ነው፤ ሁለቱም ለወጣቶች የሚያዘጋጁት ነገር አላቸው። ትወና ቦታ ባይሰጡህ መብራት ያዝ፣ ዕቃ አንሳ። ኮክስ በዚያ ነው የጀመረው።

ገንዘቡን በደንብ አስብበት። ስኮትላንድ ውስጥ የሚኖር፣ መስፈርቱን የሚያሟላ ተማሪ እዚያው ስኮትላንድ ሲማር የትምህርት ክፍያውን ሳስ የተባለው መሥሪያ ቤት ይሸፍንለታል። የኮንሰርቫቶሩ የትወና ዲግሪ ሦስት ዓመት ነው፤ በዚህ ውስጥ ይገባል። ለንደን ብትማር ግን በዓመት ከ9 ሺህ ፓውንድ በላይ ነው፤ የሚሰጥህም ብድር ነው። ወሳኙ የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ዓይነትና ዩኬ የቆያችሁበት ጊዜ ስለሆነ፣ ማመልከቻ ከመሙላትህ በፊት የቤተሰቡን ወረቀት ይዘህ ሳስን ጠይቅ። ብዙ የሐበሻ ልጆች የሚሰናከሉት ኦዲሽኑ ላይ ሳይሆን እዚህች ጋ ነው። ኮንሰርቫቶሩ ዕድል ለሚያንሳቸው ወጣቶች «ትራንዚሽንስ» የሚባል ፕሮግራም አለው፤ ብቁ መሆን አለመሆንህን ጠይቃቸው። እምቢ ካሉህም በኮሌጅ የሚሰጠው ኤችኤንሲ የተባለ ከዲግሪ በታች የሆነ የትወና ሰርተፊኬት አለ፤ ከዚያ ተነስቶ ዲግሪ መግባት የተለመደ ነው።

ለኦዲሽኑ ሁለት አጫጭር መነባንብ ያዝ፤ አንዱ ከሼክስፒር፣ ሌላው ዘመናዊ። ሼክስፒሩን ስትመርጥ ሁሉም ሰው የሚያመጣውን «መሆን ወይስ አለመሆን»ን ተወው፤ ፈታኞቹ ጠግበውታል። ዘመናዊውን ደግሞ አንተን ከሚመስል፣ በአንተ ዕድሜ ካለ ገጸ ባሕርይ ውሰድ። የሎጋን ሮይን ቁጣ ይዘህ እንዳትሄድ አደራ፤ በ17 ዓመት ልጅ አፍ ያስቃል።

ለእናትህ ስትነግራቸው «ተዋናይ መሆን እፈልጋለሁ» ብለህ አትጀምር። «ሃየርስ እጨርሳለሁ፣ ኬሚስትሪ እወስዳለሁ፣ በ18 ዓመቴ አንድ ጊዜ ኦዲሽን እሞክራለሁ» በላቸው። ከዚያ የመጀመሪያውን ተውኔትህን ቅዳሜ እንዲያዩልህ ጋብዛቸው፤ አበል እንደሚከፈልህ እንዳይመስላቸው ግን አስቀድመህ ንገራቸው።