ፒዲኤፉ ጃቫስክሪፕት እንዲፈቀድለት ሲጠይቅ

በኢሜይል የደረሰዎት የዋጋ ማቅረቢያ ፒዲኤፍ ሲከፈት ጃቫስክሪፕት (በሰነዱ ውስጥ የሚሠራ የፕሮግራም ትእዛዝ) እንዲፈቅዱለት ከጠየቀዎ አይፍቀዱለት፤ ለንባብ ብቻ የተላከ ሰነድ ፕሮግራም ማስኬድ አያስፈልገውም። ላኪውን በሚያውቁት ስልክ ደውለው ያረጋግጡ። የፒዲኤፍ ማንበቢያ ፕሮግራም በሆነው በአክሮባት ሪደር ደግሞ እንዲህ ያድርጉ፦

1. ከምናሌው «ፕሪፈረንስስ»ን ይክፈቱ።
2. «ጃቫስክሪፕት» በሚለው ክፍል «ኢኔብል አክሮባት ጃቫስክሪፕት» ከሚለው ጎን ያለውን ምልክት ያጥፉ።
3. «ትረስት ማኔጀር» ውስጥ፣ ፒዲኤፍ ያልሆኑ አባሪ ፋይሎች በሌላ ፕሮግራም እንዲከፈቱ የሚፈቅደውንም ያጥፉ።

ፒዲኤፍ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ ዓላማው አንድ ገጽ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ መልኩን ሳይለውጥ እንዲታይ ማድረግ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ስክሪፕት፣ ቪዲዮና በውስጡ የሚታቀፉ ሌሎች ፋይሎች እየተጨመሩበት ስለሄዱ፣ እያንዳንዱ ጭማሪ ለአጥቂ አንድ ተጨማሪ በር ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2005 ለቤተ መዛግብት የወጣው ፒዲኤፍ/ኤ የተባለው ደረጃ ጃቫስክሪፕትን ጭራሽ የሚከለክለው ያለ ምክንያት አይደለም።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፤ ጃቫስክሪፕት ሲጠፋ ሂሳብ በራሳቸው የሚደምሩ ቅጾች መደመር ያቆማሉ። እኔ አንድ የክፍያ ቅጽ ሞልቼ «ጠቅላላ ድምር» የሚለው ሳጥን ባዶ መሆኑን ሳላይ በመላኬ፣ ቅጹ ከሳምንት በኋላ ተመልሶብኛል። ስለዚህ ከመላክዎ በፊት ድምሩን በእጅዎ ያስገቡ፤ ሳጥኑ አልጻፍ ካለዎ ቅጹን አትመው ይሙሉት።